ሹምን ስለ መቀበል

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ዕድሜህ ጥቂት ገፋ ሲል፥ በሰፈርህም ማንበብና መጻፍ የምታውቅ ሰው መሆንህ ሲታወቅ፥ አንድ ቀን ከአስተናጋጅ ኮሚቴ ውስጥ መግባትህ አይቀርም። ትምህርት ቤት ሲመረቅ፥ ድልድይ ሲከፈት ወይም ለጤና ጣቢያ የመሠረት ድንጋይ ሲጣል፥ «ትልቅ ሹም ይመጣል» ይባልና ፕሮግራሙን እንድትጽፍ ትጠራለህ። አንቺም እኅቴ እንደዚሁ ትጠሪያለሽ፤ እንዲያውም የሥራው ሸክም የሚበዛው ባንቺ ላይ ነው። በዚያ ቀን የኮሚቴው ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ወንበሩ ከየት ይምጣ፥ ምንጣፉ ከማን ይለመን፥ ንግግሩን ማን ያድርግ እያለ ነው። እኔም በመምህርነት በኖርሁበት ዘመን ከእንዲህ ያለው ኮሚቴ ብዙ ጊዜ ገብቻለሁ፤ ስለ ወንበርና ስለ ምንጣፍም እስኪመሽ ተከራክሬአለሁ። ዛሬ ግን ልነግርህ የፈለግሁት አባቶቻችን ሹምን እንዴት ይቀበሉ እንደ ነበረ፥ ከዚያም ሥርዐት ውስጥ የትኛው ቀርቶብን የትኛው እንደ ተረፈን ነው።

በቋንቋችን አንድ የሚያስገርም ቃል አለ፤ ይኸውም «ግብር» የሚባለው ነው። ባላገሩ ከእህሉና ከማሩ ለጌታው የሚያገባው ግብር ይባላል። ጌታው ደግሞ አዳራሽ ከፍቶ፥ ጠጅ አስጥሎ፥ በሬ አሳርዶ ሰውን የሚያበላው እሱም ግብር ይባላል። የሚሰጠውና የሚበላው በአንድ ስም ተጠሩ። ይህ የሆነው ቃል ጠፍቶ አይመስለኝም፤ ባዳራሽ የሚፈሰው ጠጅ ከማን ቀፎ እንደ መጣ ሰው ሁሉ ያውቅ ስለ ነበረ ነው እንጂ። ይህነን ቃል ያዝልኝ፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

የጥንቱ ሥርዐት ከባድ ነበር። ከታላቅ ሰው ፊት የሚቀርብ ሰው ሸማውን ከትከሻው አውርዶ ከወገቡ ያደገድጋል፤ በበቅሎ ሲሄድ ጌታውን ከመንገድ ያገኘ እንደ ሆነ ወርዶ እጅ ይነሣል። ከግብር ቤት ደጃፍ አጋፋሪ ቆሞ ሰውን እንደየማዕርጉ ያስገባል፤ ወደ ውስጠኛው ክፍል ደግሞ እልፍኝ አስከልካይ ሳይፈቅድ ማንም አያልፍም። ንጉሡ ሲመገቡ መጋረጃ ይጋረዳል፤ ከመጋረጃው ውስጥ የሚቀመጡት ታላላቆቹ ብቻ ናቸው። ከዚያ በኋላ መጋረጃው ይገለጥና ሌላው መኳንንት፥ ቀጥሎም ወታደሩ በየተራው እየገባ ይበላል። ሥጋው እንኳ ዝም ብሎ አይታደልም፤ ብልቱ ተለይቶ፥ ይህ ለእገሌ ማዕርግ፥ ያ ለእገሌ ማዕርግ ተብሎ የታወቀ ነው። አሳላፊው ጠጁን ከማቅረቡ አስቀድሞ ከመዳፉ ላይ ጥቂት አፍስሶ ይቀምሳል። የዛሬ ልጆች ይህነን ሲሰሙ ይስቃሉ። ነገር ግን መዳፍ ላይ ጠጅ ማፍሰስ መርዝ የለበትም ብሎ በገዛ ነፍስ ዋስ መሆን ነው፤ የማዕርጉም ተራ ሰካራምና ጦረኛ በሞላበት አዳራሽ ጠብ እንዳይነሣ የተበጀ አጥር ነው። እያንዳንዱ ሥርዐት አንድ ምክንያት ነበረው። ምክንያቱ ሲቀር ሥርዐቱ ብቻውን የቀረ እንደ ሆነ ግን ሸክም ይሆናል።

ስለ ሸክም ከተነሣ ዘንድ፥ አልቫሬዝ የሚባለውን የፖርቱጋል ቄስ ማንሣት ይገባል። ይህ ሰው ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋራ በ1512 ዓ.ም. በምጽዋ በኩል ገብቶ ከዐፄ ልብነ ድንግል ዘንድ ደረሰ፤ ስድስት ዓመትም ያህል በአገራችን ተቀምጦ ያየውን ጽፏል። ከንጉሡ ድንኳን አጠገብ ከደረሱ በኋላ ብዙ ቀን ፊታቸውን ሳያዩ ጥያቄና መልስ በመልእክተኛ ብቻ ይመላለስ ነበር፤ እንጀራውና ጠጁ ግን አልተቋረጠባቸውም። በመጨረሻ በኅዳር ወር 1513 ዓ.ም. ንጉሡን ከከፍተኛ መድረክ ላይ ተቀምጠው ባዩዋቸው ጊዜ፥ ከአፋቸው በፊት ሰማያዊ ሐር ተይዞ አንድ ጊዜ ዝቅ አንድ ጊዜ ከፍ ይል እንደ ነበረ ይተርካል። ይህ የክብሩ ወገን ነው። ነገር ግን ያው መጽሐፍ ሌላም ወገን አለው። የመልእክተኞቹን ጓዝ ከባሕር ጀምሮ የተሸከመው በየመንገዱ ያለው ባላገር ነበር። የአንዱ አገር ሰው እስከ ወሰኑ ተሸክሞ ያስቀምጣል፤ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው መጥቶ እስኪያነሣው ድረስ እንግዶቹ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ንጉሡ አከበሩ፤ ባላገሩ ተሸከመ።

ለእንግዳ የሚሰጠው የዕለት ቀለብ «ድርጎ» ይባል ነበር። በ1833 ዓ.ም. የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ከሸዋው ንጉሥ ከሣህለ ሥላሴ ዘንድ ሲመጣ ጓዙን ከቆላው ከፋሬ አንሥተው ዳገቱን ወደ አንኮበር ያወጡት በመቶ የሚቆጠሩ የይፋት ሰዎች ናቸው። ለሱም ድርጎ ተቈረጠለት፤ ባልደረባም ተሰጠው። ስለ ባልደረባ በኋላ እናገራለሁ። ድርጎ መልካም ልማድ ነው፤ በሩቅ አገር የሚንከራተት እንግዳ ጾሙን እንዳያድር ያደርጋል። ዳሩ ግን ትእዛዙ ከቤተ መንግሥት ይወጣል እንጂ ዶሮው ከቤተ መንግሥት አይወጣም። ከቶውንም እንግዳው አልፎ ከሄደ በኋላ ወታደር በባላገር ቤት ተሰሪ እየሆነ መግባቱ ሲብስ፥ ዳግማዊ ምኒልክ በ1880ዎቹ ዓመታት ባላገሩ ዐሥራት እንዲሰጥና ወታደሩ ከዚያ እንዲቀለብ ሠርተዋል። ፍጹም ሆኖ አልተፈጸመም። ቢሆንም በዘመኑ የነበሩ ሰዎች ራሳቸው ነገሩ ግፍ መሆኑን ማወቃቸውን ያስረዳናል፤ ስለዚህ «የጥንት ሰው አያውቅም ነበረ» ብለን ልናመካኝ አንችልም።

ደግሞም እኚሁ ምኒልክ ስለ ግብር ሌላ ነገር አስተምረውናል። በ1880 ዓ.ም. የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ቤት ሲከበር እቴጌ ጣይቱ ያዘጋጁት ግብር በታሪክ የተጻፈ ነው፤ የወጡ ዐይነት፥ የጠጁ ብዛት ለብዙ ዘመን ሲነገር ኖረ። ወዲያው በተከታዮቹ ዓመታት ግን የከብት እልቂት መጣ፤ በሬ አለቀ፥ እርሻ ቆመ፥ ሰው ረገፈ፤ ይህም «ክፉ ቀን» የሚባለው ነው። በዚያን ጊዜ ንጉሡ የሕዝቡ በሬ ካለቀ እኔም የበሬ ሥጋ አልበላም ብለው መተዋቸው፥ ዶማም ይዘው ራሳቸው መቆፈራቸው ይነገራል። ወዳጄ ሆይ፤ ታላቅ ሰው ከሕዝቡ ማዕድ በላይ ሲበላ ያፈረበት ጊዜ እንደ ነበረ አስብ።

አሁን ወደ ባልደረባው እንመለስ። ባልደረባ ማለት ወደ ቤተ መንግሥት ለመጣ እንግዳ ወይም አቤት ባይ የሚሰጠው ሰው ነው፤ ነገሩን ሰምቶ ወደ ጌታው ያደርስለታል፤ መልሱንም ያመጣለታል። ድኻም ቢሆን በባልደረባው አፍ ይናገር ነበር። ባልደረባው ጉቦ አይበላም ነበር ብዬ አልዋሽህም፤ ይበላል። ነገር ግን ያ ሁሉ መጋረጃና አጋፋሪ ያለበት ሥርዐት፥ ለድኻ ቃል አንድ ቀዳዳ ትቶለት ነበር ማለቴ ነው። ሌላም ቀዳዳ ነበረው። በግብሩ መካከል አዝማሪ ተነሥቶ በሰምና ወርቅ የልቡን ይናገራል፤ ጌታው ቢገባውም እንኳ በሰሙ ሥቆ ያልፋል። ነገሥታቱም «እረኛ ምን አለ?» እያሉ ያስጠይቁ እንደ ነበረ ሽማግሌዎች ይነግሩናል። እረኛ ምንም የሚፈራው ሹመት ስለ ሌለው፥ በሜዳ የሚዘፍነው የአገሩ እውነት ነው ሲሉ ነው።

ይህ ቀዳዳ እስከ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ድረስ አልተደፈነም ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ጠቅላይ ግዛት በወጡ ጊዜ፥ አቤት ባዩ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ከመንገድ ዳር ይቆማል፤ አንዳንዱም ከመኪናው ፊት ይወድቃል። መኪናው ይቆምና ወረቀቱ ይወሰድለታል። ከወረቀቶቹ መካከል ስንቱ ፍርድ እንዳገኘ ሌላ ነገር ነው፤ ብዙው በሣጥን ውስጥ ሳይቀር አይቀርም። ቢሆንም ሰልፉን ሰንጥቆ መጮህ ነውር አልነበረም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ዘመን በአጭሩ ላልፈው እወዳለሁ፤ ብዙው በየመጻሕፍቱ አለና። ለ1923ቱ የዘውድ በዓል የእንግሊዝ ንጉሥ ልጅ ሳይቀር ከየአገሩ እንግዳ መጣ። በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች በአዲስ አበባ ተሰብስበው የአንድነቱን ድርጅት መሠረቱ፤ በጥር 1957 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዝ ንግሥት ኤልሣቤጥ መጡ። አገራችን እንግዳ መቀበል እንደምታውቅ ዓለም መሰከረላት፤ እኛም ኮራን። በእውነቱ የሚያኮራ ነበር። ነገር ግን መንገድ መጥረግ፥ አጥር መቀባት፥ ባንዲራ መስቀል ከተማርን በኋላ፥ ይህ ትምህርት ቀስ በቀስ ከከተማ ወደ አውራጃ፥ ከአውራጃ ወደ ወረዳ ወረደ። እንግዳውን ማክበርና ከእንግዳው መደበቅ ተቀላቀሉ።

የዚህ መቀላቀል ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ ሁለት ጊዜ አይተናል። በግንቦት 1965 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ዐሥረኛ ዓመት በአዲስ አበባ ሲከበር የወሎ ሕዝብ በራብ ያልቅ ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራን በዚያው ዓመት ወደ ወሎ ወርደው ፎቶግራፍ አንሥተው ለሰው አሳዩ፤ መንግሥቱ ግን ነገሩ እንዳይሰማ ይፈልግ ነበር። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የውጭ አገር ፊልም እስኪያጋልጠው ድረስ ዓለም አላወቀም። ከዚያም ንጉሡ ወረዱ፤ አዲሶቹም ገዢዎች ይህነኑ ፊልም ለንጉሡ ውርደት ተጠቀሙበት። ዐሥራ አንድ ዓመት ሳይሞላ፥ በመስከረም 1977 ዓ.ም. እነዚሁ ገዢዎች የአብዮታቸውን ዐሥረኛ ዓመት ሲያከብሩ ከተማዋ በቅስትና በኮከብ፥ በመፈክርና በታላላቅ ሥዕል አጌጠች፤ ከወዳጅ አገር መሪዎች መጡ፤ ሰልፉ አለፈ። በዚያው ሰሞን በኮረም ሜዳ ሰው እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። እንደ ገና በጥቅምት ወር የውጭ አገር ቴሌቪዥን አሳየው። ንጉሡን «ጃንሆይ» ያሉት፥ ሊቀ መንበሩን «ጓድ» ያሉት አስተናጋጆች ቃላቸው ተለየ እንጂ ሥራቸው አንድ ነበር። እንግዳው የሚያየውን መንገድ ቀቡ፤ የማያየውን ተዉት።

አንተ በወረዳህ ኮሚቴ ተቀምጠህ «እኔ ከዚህ ምን አለኝ? የኔ እንግዳ አንድ የዞን ሹም ነው» ትል ይሆናል። የሹሙ ትንሽነት ነገሩን አይለውጠውም። ትንሹም ሹም የሚወስነው የሚያየውን ይዞ ነው።

እንግዲህ ስለ አቀባበሉ ጥቂት ልምከርህ። ክቡር ወይም ክብርት ማለት የሚገባውን ክቡር በለው፤ ማዕርጉንና ስሙን አስቀድመህ ከጽሕፈት ቤቱ ጠይቀህ በትክክል ጻፍ። በስም መሳሳት ከወንበር ማነስ ይከፋል። የሚጾም መሆን አለመሆኑን ጠይቅ፤ ዕለቱም ረቡዕ ወይም ዓርብ እንዳይሆንብህ ተጠንቀቅ። ክርስቲያንና እስላም ባንድነት በሚኖሩበት አገር ሁለት ቢላዋና ሁለት ድስት ይዘጋጅ፤ ይህነን አያቶቻችን ያለ ኮሚቴ ያውቁት ነበር። ለሹሙ ሾፌርና ጠባቂ ምግብ አትርሳ። ቄሱን፥ ሼኩንና የአገር ሽማግሌውን ከኋላ አታስቀምጥ፤ ሹሙ ነገ ይሻራል፥ እነሱ ግን አብረውህ ይኖራሉ። ልጆችን በፀሐይ አታቁም። ሹም ይዘገያል፤ የመዘግየቱ ነገር ከጥንት የመጣ ነው፤ ልብነ ድንግልም አዘግይተዋል። የመልእክተኞቹ ግን በድንኳን ውስጥ እየበሉ ነበር፤ የኛ ልጆች ውኃ ሳይቀምሱ አራት ሰዓት ይቆማሉ።

ስለ ስጦታም አንድ ነገር አለኝ። በድሮ ዘመን ካባና ለምድ የሚያለብሰው ንጉሡ ነው፤ የሚለብሰው ሥራ የሠራው ሰው ነው። ዛሬ ሹም ወደ ገጠር በወጣ ቁጥር ጋቢ የሚያለብሰው ሕዝቡ ሆኗል፤ ገንዘቡም ከየቤቱ መዋጮ ይሰበሰባል። ከታች ወደ ላይ የሚሄደው የጥንት ስጦታ «እጅ መንሻ» ይባል ነበር፤ ይህ ቃል በጊዜ ብዛት ወደ ምን ትርጉም እንደ ተጠጋ አንተው ታውቀዋለህ። ሸማኔው በገዛ ፈቃዱ የሠራውን ጋቢ ቢሰጥ ደስ ይበለን። ባልቴት ዐሥር ብር ከመቀነትዋ ፈትታ የምታለብሰው ሹም ግን ጋቢው ሊሞቀው አይገባም። እዚህ ላይ ነው «ግብር» የሚለውን ቃል ያዝልኝ ያልሁህ። የአቀባበሉን ሒሳብ ስትሠራ እህሉ ከማን ጎተራ እንደ ወጣ ከወረቀቱ ራስ ላይ ጻፈው።

ከፕሮግራሙም ውስጥ ለባልደረባ ቦታ ተው። ንግግር ከሦስት አይብዛ፤ የቀረው ጊዜ ሰው ተነሥቶ የልቡን እንዲጠይቅ ይሁን። የሚጠይቀውን ሰው አትምረጥለት፤ ጥያቄውንም አትጻፍለት። እንዲህ ሲደረግ ሹሙ የሚቀየም የሚመስላቸው አሉ። እኔ ግን ካየኋቸው ሹሞች መካከል ብዙዎቹ የሰለቻቸው የተጠና ግጥም ነው።

የተጠና ግጥም ካልሁ ዘንድ፥ እኔ ራሴ ያነበብሁትን ልንገርህ። በ1964 ዓ.ም. የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ በአንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት እማር ነበር። አንድ ትልቅ ሹም ሊጎበኘን ነው ተባለ። የሰፈሩ ኮሚቴ ከመንገድ ሥራ ሰፈር አንድ በርሜልና አንድ ቧንቧ ተዋሰ፤ በርሜሉን ከትምህርት ቤቱ ግንብ ኋላ ከፍ አድርገው አስቀመጡና ቧንቧውን በግንቡ ቀዳዳ አሳለፉት። ሴቶቹ ሌሊት ተነሥተው ከወንዝ በእንስራ እየቀዱ በርሜሉን ሞሉት። እናቴም ከነሱ ጋራ ነበረች። የሰፈራችን ወንዝ ከቁልቁለት በታች ስለ ሆነ ደርሶ መልስ ከአንድ ሰዓት ያላነሰ ያስኬዳል።

ሹሙ መጡ። ጥሩ ሰው ይመስሉኝ ነበር፤ ዛሬም ይመስሉኛል። ግጥሜን ከጨረስሁ በኋላ ወደ ቧንቧው ሄደው ከፈቱት፤ ውኃው ወረደ። ወደ እኔ ዘወር ብለው «ልጄ፤ ይህ ውኃ ከመቼ ጀምሮ ይወርዳል?» ብለው ጠየቁኝ። መምህሩን አየሁ፤ መምህሩ ወደ መሬት አየ። «ከመስከረም ጀምሮ ነው፥ ክቡር ሆይ» አልሁ። ማንም እንዲህ በል አላለኝም። ራሴን ዳበሱኝ፤ አንድ ሽልንግም ሰጡኝ፤ አብሯቸው የነበረው ጸሐፊም በደብተሩ ጻፈ። በሰኞው በርሜሉና ቧንቧው ለባለቤቶቹ ተመለሱ። በሚመጣው ዓመት ሽማግሌዎች ውኃ ይግባልን ብለው ለማመልከት ወደ ከተማ ወጡ፤ የናንተ ሰፈር ውኃ እንዳለው ተመዝግቧል ተብለው ተመለሱ።

በዚያ በጉብኝቱ ቀን ማታ ሽልንጉን ለእናቴ ይዤላት ገባሁ። እሷ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ እግርዋን ታሽ ነበር። ሽልንጉን አየችው፤ አልተቀበለችኝም፤ አልተቆጣችኝምም። ባዶውን እንስራ በእግርዋ ወደ እኔ ገፋ አደረገችና «በል፤ ከቧንቧህ ቅዳልኝ» አለችኝ።

እንስራውን ተሸክሜ በጨለማ ወደ ወንዝ ወረድሁ።